ሠላሳ አንድ ሺህ ብቻ የሄደችው መኪና

መኪናዋን የገዛኋት ቡሬ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ነው። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው የሠሩ፣ ከመጋዘን ዕቃ አውጥቶ መስጠት ከሥጋቸው ቆርጦ የመስጠት ያህል የሚያማቸው ነበሩ። አዲስ እስክሪብቶ የሚጠይቅ ሠራተኛ ሲመጣ፣ አሮጌው በእርግጥ ማለቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ያዩ ነበር ይባላል። መኪናዋንም የያዟት እንደዚያው ነው። ከበቆሎ ጎተራቸው ጎን፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ በድርብ ሸራ ተሸፍና ቆማለች። ሸራውን ሲገልጡልኝ ሰማያዊ ቀለሟ ትናንት የተቀባ ይመስል ነበር። የወንበሮቿ ፕላስቲክ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ አልተነሣም።

«ስንት ዓመቷ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሃያ አንድ። ዕድሜዋን ግን ተወው። ና፣ ይህን እይ።»

በሩን ከፍተው ጣታቸውን የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ አሳረፉ። ሠላሳ አንድ ሺህ ይላል። እኔ በዚያ ዘመን ፍኖተ ሰላም ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ ቁጥር ሲያሳዩኝ ልቤ ይሟሟል።

«ይህንንስ ቢሆን የት የት ሄዳ ሞላችው?»

«ሁለት ጊዜ ደብረ ማርቆስ። ልጄ ስትመረቅ ባሕር ዳር። የቀረው ከቤት ሥራ፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ዓይኔ ደከመ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። ለመስቀል ለመስቀል ብቻ አስነሣታለሁ።» የሸራውን ጫፍ እያጠፉ ጨመሩ፦ «እሷን መንገድ አልበላትም ልጄ። ሌላ የበላት ነገር ቢኖር እንጃ፤ እኔ ሰው ነኝ፣ ሁሉን አላይም።»

እኔም ጎጃሜ ነኝ። የአገሬ ሽማግሌ አንድ ቃል ሲናገር ሁለተኛውን የት እንደሚያስቀምጠው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ግን ጆሮዬም ዓይኔም ቆጣሪው ላይ ነበር። አዲስ ባትሪ ከቡሬ ገበያ ገዝቼ አስገባሁ። ሞተሩ ሦስት ጊዜ አስሎ፣ ግቢውን በጭስ ሞልቶ ተነሣ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ከኮፈኑ ሥር አንዲት አይጥ ወጥታ፣ ሁለታችንንም አየት አድርጋ፣ ሳትቸኩል ወደ ጎተራው ሄደች። ሽማግሌው አይጧን እንዳላዩ ሆኑ። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ። በዚሁ ተስማምተን ተለያየን።

ፍኖተ ሰላም ስገባ መኪናዋን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆምኩና መምህራኑን ጠራሁ። አንድ በአንድ አንገታቸውን በመስኮት እያስገቡ ቆጣሪውን አነበቡ። የሒሳብ መምህሩ ለሃያ አንድ ዓመት አካፍሎ በቀን ስንት እንደሚደርስ በቃሉ ነገረን፤ የአህያ መንገድ እንኳን አይሆንም ተባለ። በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው «ሠላሳ አንድ ሺህ ያላት መኪና ባለቤት» ብሎ ሰላምታ ይሰጠኝ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር አፍራለሁ። ቁጥሩ እንዳይጨምርብኝ መንዳት ተውኩ። መኪናዋን ግቢ አቁሜ፣ ሸራ አልብሼ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ ትምህርት ቤት እሄድ ጀመር። ሚስቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ እሷም በእግሯ ትሄዳለች። አንድ ጠዋት በር ላይ ቆማ ሸራውን አየችና፦

«እንግዲህ መኪና ስንገዛ በፊት ከምንሄድበት የበለጠ በእግራችን ልንሄድ ነው?» አለች።

«ላስረዳሽ። ይህች መኪና ማለት አልተነካችም። አዲስ ናት።»

«አንድ አዛውንት አልጋ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተኝተው ቢነሡ፣ ብዙ ስላልተራመዱ እግራቸው አዲስ ነው ትላለህ?»

«ሰውና ብረት አይገናኝም።»

«ጎማው ብረት ነው? ዘይቱ ብረት ነው? መካኒክ ይያት። እኔ ያልተመረመረ ነገር ላይ አልወጣም።»

እሷን ዝም ለማሰኘት ስል ብቻ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። መካኒኩ ከአውራ ጎዳናው ጀርባ ጋራዥ ያላቸው፣ በድሮው ጦር ሠራዊት ታንክ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ተንበርክከው የጎማውን ጎን በካቻቢቴ ጫፍ ቢጫኑት እንደ በጋ መሬት ጥቃቅን ስንጥቆች ተከፈቱ።

«መምህር፣ ጎማዎቹ አራቱም ይቀየሩ።»

«ጋሼ፣ ጥርሳቸው ሙሉ እኮ ነው!»

«ጥርሱን አላልኩም። ላስቲኩ ሞቷል።» ወደ ሞተሩ ተመለሱ። «የሞተሩ ቺንጊያ፣ ይህ የላስቲክ ቀበቶ፣ ይቀየር። የውኃ ቱቦዎቹ ይቀየሩ። የፍሬን ዘይቱ ይውጣ። የሞተር ዘይቱ ይውጣ። ነዳጅ ጋኑ ወርዶ ይታጠብ። ሽቦዎቹን አይጥ ቀምሳቸዋለች፤ እነሱም ይታዩ።»

«ይህ ሁሉ ለሠላሳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር? ዘይቱ እኮ ሥራ አልሠራም!»

«ያልተበላ ወጥ አይበላሽም ወይ መምህር?»

ተቆጣሁ። ሰውየው ሥራ ለመፍጠር የሚጥሩ መሰለኝ። እልህ ይዞኝም ቢሆን የሞተር ዘይቱን ብቻ እንዲቀይሩ ፈቀድኩላቸው። ሲፈታ የወጣው ነገር ዘይት አልነበረም፤ እንደ ሬንጅ እየተንጠባጠበ፣ እየቆመ፣ እያሰበ ወረደ። መካኒኩ አዲሱን ዘይት ሞሉ። እኔም ለሚስቴ «ታይታለች፤ ዘይት ብቻ ነው የጎደላት» አልኳት። ሙሉ ውሸት አይደለም፤ ታይታለች።

ግንቦት ሲገባ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ጊዜው ሁሉ ነገር «ትራንስፎርሜሽን» የሚባልበት፣ አገሩ አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ሰው ከሥራ ይልቅ ስለ ሥራ የሚሰበሰብበት ነበር። ከዞኑ መሥሪያ ቤት አንድ እንግዳ ሽንዲ ሄደው ለወንበርማ ወረዳ ሠራተኞች ሥልጠና ሊሰጡ ነው። የሥልጠናው ርዕስ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት አያያዝ ነው። ችግሩ ግን መኪና የለም። ከመሥሪያ ቤቱ መኪኖች አንዱ ስብሰባ ሄዷል፤ ሁለቱ ሳይጠገኑ ብዙ ጊዜ ቆመው ሣር በቅሎባቸዋል።

«ያንተ መኪና ደግሞ ያልተነካች ናት» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። «ሠላሳ አንድ ሺህ! እንግዳው ራሳቸው ሰምተዋል። ለትምህርት ቤታችንም ገጽታ ግንባታ ነው።»

እምቢ ማለት ይገባኝ ነበር። ግን እንግዳው ስለ መኪናዬ ሰምተዋል መባሉ ደስ አለኝ። ሚስቴ ስትሰማ «እኔ ያልወጣሁበትን ለእንግዳ ትሰጣለህ?» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እንግዳው በማግሥቱ ጠዋት በጥቁር ሱፍና በወፍራም ማስታወሻ ደብተር መጡ። ከፊት ተቀመጡ። ፕላስቲኩ ከሥራቸው ጮኸ።

«ይህን አላነሣችሁትም?»

«እንዳይቆሽሽ ብለን ነው።»

«ግሩም! ይህ ነው እንግዲህ እንደ ምርጥ ተሞክሮ ተቀምሮ መስፋት ያለበት» አሉና ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

እስከ ቡሬ አስፋልት ነው፤ በሰላም ደረስን። ከቡሬ ወደ ሽንዲ የሚወስደው ግን ጠጠር መንገድ ነው። ፀሐይዋ በረታች። እንግዳው ፕላስቲኩ ላይ ላብ በላብ ሆነው፣ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ወደ እኔ ይንሸራተታሉ፤ ይቅርታ ይላሉ፤ ይመለሳሉ። ስለ ንብረት አያያዝ ክፍተቶች እየነገሩኝ ሳለ ከኋላ ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። እንግዳው ጎንበስ አሉ። ጎማ ነው የፈነዳው።

ወረድኩ። ላስቲኩ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰባብሮ መንገዱ ላይ ተበትኗል። እንግዳውን ለማረጋጋት ትርፍ ጎማውን አወጣሁና አሳየኋቸው፤ አንድም ቀን መሬት አልነካም፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉሮች እንኳን አልረገፉም። «አዲስ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም «አዲስ ነው» አሉ። ጎማው ከማስተምራቸው ተማሪዎች ሁሉ ዕድሜው እንደሚበልጥ ሁለታችንም አላሰብነውም። ብሎኖቹን በባርኔጣቸው ያዙልኝ፤ ቀየርኩ፤ ተነሣን።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ዳገት መጣ። ማርሽ ቀንሼ ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ጠብ አለ። ድምፁ ትንሽ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ እንደ መውደቅ። ሞተሩ ግን ቀጥ አለ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ፍሬኑን ረገጥኩት፤ እግሬ ጥጥ ላይ እንደቆመ ሰጠመ። ደግሜ ደጋግሜ ብረግጠው ሦስተኛው ላይ ያዘ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። እንግዳው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

መካኒኩ ያሉኝ ቺንጊያ ተበጥሷል። መንገዱ ዳር ተቀምጠን ብዙ ቆየን። የሚያልፍ መኪና የለም። በመጨረሻ ማሳቸውን አርሰው ጥማዳቸውን እየነዱ የሚመለሱ አንድ ገበሬ መጡ። ቀንበሩ ገና በሬዎቹ ላይ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ። «ምነው፣ እንቢ አለቻችሁ?»

«አዎ አያ፣ እንቢ አለች። በሬዎችዎ እስከ ሽንዲ ይስቡልን ይሆን?»

ገበሬው መኪናዋን ዞረው አዩ። መቼም በሬ ሊገዙ የመጡ እንጂ መኪና ሊያስጎትቱ የመጡ አይመስሉም፤ የቀራቸው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ማየት ነው።

«መልኳ ጥሩ ነው። ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ አንድ።»

«ስንት ክረምት ሠራች?»

«ብዙም አልሠራችም። ቆማ ነው የኖረች።»

«ታዲያ ምን ታድርግ» አሉ፣ ለመኪናዋ ያዘኑ መሰሉ። «አምና እንደዚህ ያለ በሬ ገዝቼ ነበር። ቆሞ የተቀለበ፣ የሰባ፣ ሲያዩት የሚያምር። ጠምጄ ሁለት ትልም ሳይሄድ ተኛብኝ።»

እንግዳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጊዜ የለንም፤ ተሰብሳቢ ይጠብቀናል። እኔ ከውስጥ ሆኜ እጠብቃለሁ።»

«ጌታዬ፣ አንቱ ቢወርዱ ለበሬዎቹ ይቀላቸዋል።»

«እኔ የዞን እንግዳ ነኝ።»

«እነሱ አላወቁም ጌታዬ።»

እንግዳው ወረዱ። ገበሬው ገመዳቸውን ከቀንበሩ አሥረው ከመኪናዋ ፊት አያያዙት። እኔ መሪ ያዝኩ፤ እንግዳው ዳገቱን ከኋላ ገፉ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ተመልሰው ገቡ። በሬዎቹ ሳይቸኩሉ፣ ሳያጉረመርሙ ጎተቱን። የሽንዲ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ያ ፀጉሩ ያልረገፈ ትርፍ ጎማ ደግሞ ቀስ ብሎ ተነፈሰ፤ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን አነከሰች።

ከተማው መግቢያ ላይ ሠራተኞችና ተማሪዎች ቅጠል ይዘው ተሰልፈዋል። መጀመሪያ ያዩት በሬዎቹን ነው፤ ቀጥሎ ገበሬውን፤ ቀጥሎ ከመስታወቱ ጀርባ ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎችን። የተነሣው ቅጠል ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ። ሌላው ተከተለው። ነገሩ ታስቦበት የተዘጋጀ ትዕይንት መሰላቸው። እንግዳው ፈጣን ሰው ናቸው፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እጃቸውን አውለበለቡ።

አዳራሹ ውስጥ ንግግራቸውን የጀመሩትም በዚሁ ነው። «ዛሬ የገባንበት አገባብ ራሱ አንድ መልእክት አለው» አሉ። «አርሶ አደሩና ቴክኖሎጂው እንዴት መተሳሰር እንዳለባቸው በተግባር አሳይተናል።» ጭብጨባ ሆነ። ገበሬው ከበር አካባቢ ተጠርተው መድረክ ላይ ወጡ፤ አንድ ቃል እንዲናገሩም ተጠየቁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሰብሳቢውን አዩ።

«እኔ መኪና አላውቅም» አሉ። «ይቺ ያረጀች ናት፤ እነሱ አዲስ ናት ይላሉ። ክርክሩን ለናንተ ትቻለሁ። ገመዴን መልሱልኝ፤ ከብቶቹ ውኃ አልጠጡም።»

ለዚህም ተጨበጨበ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሥልጠናው ስለ ጥገና አንድም ቃል ሳይነሣበት አለቀ። እንግዳው በሌላ መኪና ተመለሱ፤ የእኔ መኪና በጭነት መኪና ተጭና ፍኖተ ሰላም ገባች። ትልቁን መንገድ ስናልፍ ስንት ሰው ቆጣሪዋን እንዳነበበ አሰብኩ። ያነበበው ሁሉ አሁን በየበሩ ቆሞ ያየን ነበር።

በሳምንቱ በትምህርት ቤቱ ግምገማ ላይ ጉዳዩ ተነሣ። ርዕሰ መምህሩ፣ ያን ዕለት መኪናዬን የለመኑኝ ራሳቸው፣ በዝግታ ተናገሩ። «የዞን እንግዳን በበሬ ማስገባት ተራ ስህተት አይደለም። የአመለካከት ችግር ነው። መምህሩ ግለ ሂስ ያድርግ።»

ተነሣሁ። ምን እንደምል አላዘጋጀሁም ነበር። የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ጥፋቴ ቁጥር ማመኔ ነው» አልኩ። «ቆጣሪው ላይ ያማረ ቁጥር አየሁ፤ ውስጡን መክፈት አስፈላጊ አልመሰለኝም። የሚያውቅ ሰው ክፈተው ሲለኝ ተቆጣሁ። ቁጥሩን ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ሰውም ቁጥሩን ብቻ አይቶ አመሰገነኝ።»

መምህራኑ አቀረቀሩ። ያን ጠዋት ከግምገማው በፊት የትምህርት ቤቱ ሪፖርት ተነቦ ነበር፤ ገጽ በገጽ ያማረ ቁጥር። በስምንተኛው ገጽ ቤተ ሙከራችን «ሙሉ በሙሉ ዝግጁ» ተብሏል፤ እኔ የማስተምርበት ቤተ ሙከራ ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። የሒሳብ መምህሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፤ «ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አሉ። እውነቴን ነው የምለው፣ እኔ ስለ መኪናዬ ብቻ ነበር የተናገርኩት።

ክረምቱን ሙሉ መኪናዋ ጋራዥ ከረመች። መካኒኩ «ነግሬዎት ነበር» ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር፤ አላሉም። የሚፈቱትን ዕቃ ሁሉ ጆንያ ላይ ይደረድሩና አንድ በአንድ እጄ ላይ ያስቀምጡታል። የውኃ ቱቦው በጣቴ ስጫነው ተፈረፈረ። የፍሬን ዘይቱ የዛገ ውኃ መስሏል። ከአየር ማጣሪያው ውስጥ ሁለት እፍኝ የሚሆን በቆሎ ወጣ፤ አይጧ ለክረምት ያስቀመጠችው ነው፤ እንደ ቀድሞው ባለቤት እሷም ንብረት አያያዝ ታውቃለች። ከሁሉ የከፋው የቺንጊያው ነገር ሆነ። ሲበጠስ የሞተሩን ቫልቮች አጣሟቸዋል፤ የሞተሩ ራስ ተከፍቶ መጠገን ነበረበት። በወቅቱ ተቀይሮ ቢሆን የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው ሳይሠራ የሚያረጅ?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ በእውነት ልማር ፈልጌ።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አሰቡ። «መኪና ሁለት ቆጣሪ አለው መምህር። አንዱ መንገድ ይቆጥራል፤ አንዱ ዓመት። ፋብሪካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው መስታወት ያለበሰው።» ከዚያ ፈገግ አሉ፤ በወራት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። «አንቱስ ፊዚክስ ያስተምራሉ ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«አስተምራለሁ» አልኩ፣ በትንሽ ድምፅ።

መስከረም ላይ መኪናዋ ወጣች። ጎማዎቿ አዲስ፣ ቱቦዎቿ አዲስ፣ ሽቦዎቿ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለሉ። መካኒኩ ያዘዙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ እንድነዳት። ሚስቴ ጋራዡ ድረስ መጥታ ጥያቄዎቿን ሁሉ ለመካኒኩ አቀረበች፤ የታማሚ ካርድ እንደምታነብ ሆና አዳመጠቻቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ የወንበሩን ፕላስቲክ በሁለት እጇ ይዛ ቀደደችው። ድምፁ ልቤን ቀደደው። ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም፤ የኋላውንም ቀደደች።

ጥቅምት ላይ የወንድሟ ልጅ ክርስትና ስለነበር ወደ ፈረስ ቤት ከተማ ሄድን። ለመጀመሪያ ጊዜ አብራኝ ተሳፈረች። እስከ ግማሽ መንገድ እጇ የበሩን መያዣ እንደጨበጠ ነበር፤ የሞተሩን ድምፅ እንደ ልብ ትርታ ታዳምጣለች። ገብሱ በየማሳው ቢጫ ሆኗል። ደጋው ላይ ወጥተን ረጅሙ ቁልቁለት ሲጀምር፣ አንድ በግ ነጂ መንጋውን በትኖ መንገዱን ዘጋው። ፍሬኑን ረገጥኩት። ከእግሬ ሥር ጠንከር ብሎ ያዘ፤ መኪናዋ ከመጀመሪያው በግ ሦስት እርምጃ ቀርቷት ቆመች። ሰውየው በእጁ አመስግኖን በጎቹን አሳለፈ። «አየሽ?» ልላት ወደ ሚስቴ ዞርኩ። ራሷን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋ ተኝታለች።